እርጅና ነው ወይስ ሸክም?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በእድሩ የሌሊት ስልክ ተረኞች ስም በአንድ ታክሲ ነጂ የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ ዝግጅት ኮሚቴ እንድንናገር ሲጋብዘን ስለ ታክሲ ሥራ ወይም ስለ ስደት ኑሮ እንድናወራለት አስቦ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ግን የመረጥነው ርዕስ በጽሕፈት ቤታችን ምድር ቤት፣ በጠባቧ ዕቃ ቤት ውስጥ የተሰቀለ አንድ አሮጌ የብረት ሳጥን ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁት አታውቁም። ሆኖም ባለፈው ዓመት ይህ ሳጥን በጠቅላላ ጉባዔያችን ላይ ብዙ አነጋግሯል፤ አንዲት እኅታችንን አስቀይሟል፤ አንድ ወንድማችንን ከመካከላችን አርቋል፤ ከእድሩ ሣጥንም 4,000 ዶላር ሊያስወጣ ለጥቂት ነው የቀረው። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደ ነበረ በግልጽ መናገር ተገቢ ነው ብለን አመንን።

በቅድሚያ ማን እንደ ሆንን እንናገር። እኛ ከምሽቱ 9፡00 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት የእድሩን ስልክ በተራ የምንጠብቅ ታክሲ ነጂዎች ነን። ከመካከላችን በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2001) በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁከት ተነሥቶ ትምህርት ሲቋረጥ ከአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወጥተን በዚያው የቀረን አለን። ስለ ኤሌክትሪክ ጥቂት ተምረናል። የቀረውን ያነበብነው ሬገን ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ፣ በመሪው ላይ መጽሐፍ ዘርግተን ነው። እንግዲህ የምናቀርበው የሊቅ ትምህርት አይደለም፤ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል እንተርካለን።

ስዊች ሲባል የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። ይህኛው የኔትወርክ ስዊች ነው። በቢሮአችን ያሉት ኮምፒዩተሮች፣ ስልኮችና ማተሚያ ማሽኑ ሁሉ ኬብላቸው የሚገናኘው እሱ ላይ ነው። 48 የኬብል ቀዳዳዎች አሉት፤ ፖርት ይባላሉ። ሥራው ከአንዱ ፖርት የገባውን መልእክት የማን እንደ ሆነ አይቶ ወደ ትክክለኛው ፖርት ማሳለፍ ነው። የእኛው ማሽን እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራ ሲሆን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ሲቀይር በነፃ አግኝቶ በ2017 ያስገባልን በዚያን ጊዜ የኮሌጅ ተማሪ የነበረ አንድ ወጣት ወንድማችን ነው። ኬብሉን የዘረጋውም እሱ ነው፤ በተከታታይ ስምንት ቅዳሜ፣ ያለ አንድ ሳንቲም ክፍያ።

በጥቅምት 2023 አካባቢ የሌሊቱ ስልክ መታመም ጀመረ። ድምፁ ይቆራረጣል፤ አንዳንዴም ጭራሹኑ ይጠፋል። ቀን ቀን ግን ምንም የለበትም። የቀን ሠራተኞች «ስልኩ ደኅና ነው፤ እናንተ አያያዙን አታውቁበትም» ይሉናል። እኛም «ማሽኑ ሞቷል፤ እናንተ አታምኑንም» እንላለን። በዚህ ክርክር ላይ ሳለን በጥር 2024 አንድ ሌሊት አንዲት እኅታችን አባቷ ማረፋቸውን ሰምታ ደወለች። ስሟን ሳትጨርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። ደግማ ደወለች፤ ደግሞ ተቆረጠ። ሦስተኛውን አልሞከረችም። በየካቲቱ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ተነሥታ «በሐዘኔ ሌሊት ስልክ ዘጋችሁብኝ» ስትል በአዳራሹ ውስጥ የነበረውን ዝምታ የምትረሱት አይመስለንም። ያን ሌሊት ስልኩን ይዘን የነበርነው እኛ ነን። አልዘጋንባትም፤ ግን በምን እናስረዳ?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። አንድ የኮምፒዩተር አዋቂ ዘመድ ያለው አባል ማሽኑን አስመርምሮ «ፕሮሰሰሩ ከ90 በመቶ በላይ ተጨናንቋል፤ አርጅቷል፤ መጣል አለበት» የሚል ቃል ይዞ መጣ። ከዚያም ነገሩ ከማሽኑ ወደ ሰው ዞረ። «ድሮስ ከቆሻሻ የተለቀመ ዕቃ» ተባለ። «ልጁ የማያውቀውን ሥራ ሠርቶ ጉድ አደረገን» ተባለ። ወንድማችን በአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ። ምንም ሳይመልስ ወጣ፤ ከዚያ ቀን ወዲህም አልመጣም። በዚያ ስብሰባ ላይ ፈገግ ያሰኙን አንድ አባታችን ብቻ ነበሩ። «ይህ ሳጥን ከልጅ ልጄ ያንሳል፤ እሱን ለእርጅናው ከጣላችሁት እኔን ምን ልታደርጉኝ ነው?» አሉ። እኛም ያን ጊዜ እጃችንን አውጥተን፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የአንድ ወር ጊዜ እንዲሰጠን ጠየቅን። ጉባዔውም ፈቀደልን።

አሁን ስለ ፕሮሰሰሩ እንናገር፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

አዲስ አበባ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የታክሲ ተራ አስከባሪን ያላየ የለም። ተራ አስከባሪው መኪና አይነዳም። ሾፌሩ መንገዱን ያውቀዋል፤ ሰው ይጭናል፤ ይሄዳል። ተራ አስከባሪው የሚፈለገው ጠብ ሲነሣ፣ አዲስ መኪና ሲመጣ ወይም መንገድ ሲዘጋ ነው። ስዊቹም እንደዚሁ ነው። ተራውን መልእክት የሚያሳልፉት ለዚሁ ብቻ የተሠሩ ቺፖች ናቸው፤ ፕሮሰሰሩን ሳይጠይቁ በከፍተኛ ፍጥነት ይሠራሉ። ፕሮሰሰሩ የሚጠየቀው ልዩ ጉዳይ ሲኖር ነው፤ ይኸውም ከሌሎች ስዊቾች ጋር መነጋገር፣ ለራሱ ለስዊቹ የተላከን መልእክት መቀበል፣ ለሁሉም ወይም ለቡድን የተነገሩ አንዳንድ መልእክቶችን ማየት፣ ባለሙያው ትእዛዝ ሲጽፍ መልስ መስጠት የመሳሰለው ነው።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የስዊች ፕሮሰሰር ከደከመ ቺፖቹ ደከሙ ማለት አይደለም፤ ተራ አስከባሪው ራሱን ቢያመውም ታክሲው ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ፕሮሰሰሩ በሥራ ከተጨናነቀ አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር ያለ ልክ እየጠየቀው ነው ማለት ነው። እርጅና ብቻውን ሥራ አይፈጥርም። የ18 ዓመት ፕሮሰሰር ከአዲሱ ይልቅ ቶሎ ይደክም ይሆናል፤ ነገር ግን የሚያደክመው ነገር ሳይኖር ከ90 በመቶ በላይ አይደርስም። ስለዚህ ጥያቄያችን «ስንት ዓመቱ ነው?» ሳይሆን «ምን ተሸክሞ ነው?» የሚል መሆን ነበረበት።

እውነቱን ለመናገር እኛም የጀመርነው በስሕተት ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ያደረግነው ነገር ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነበር። ተነሥቶ ብዙ ሳይቆይ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ይባስ ብሎ ማሽኑ በሆዱ መዝግቦ ያስቀመጠውን ሁሉ አጠፋንበት። ማሽን ሲጠፋ የፕሮሰሰሩን የሥራ ታሪክ፣ ቁጥሮቹንና በውስጡ የያዘውን የማስታወሻ መዝገብ ይረሳል። ሐኪም በሽተኛውን ከመጠየቁ በፊት እንደ ማደንዘዝ ያለ ነው። ለወደፊቱ ይህን አንድ ነገር ያዙልን፦ መረጃ ሳትሰበስቡ አታጥፉ።

ከዚያ በኋላ በሥርዓት ጀመርን። ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ በኔትወርክ በኩል ገብቶ ማነጋገር አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ኮንሶል በሚባለው ልዩ ኬብል ላፕቶፓችንን በቀጥታ ከማሽኑ ጋር አገናኘን። የይለፍ ቃሉን ሒሳብ ሹሟ በታሸገ ፖስታ አስቀምጣው ነበር። የመጀመሪያው ትእዛዝ «ሾው ፕሮሰስስ ሲፒዩ ሶርትድ» ይባላል፤ ፕሮሰሰሩ በምን ሥራ ላይ እንዳለ በቅደም ተከተል ያሳያል። በላይኛው መስመር ላይ ያገኘነው ቁጥር 97 በመቶ፣ ከዚያ እዝባር፣ ከዚያ 68 በመቶ የሚል ነበር።

ብዙ ሰው የፊተኛውን ቁጥር ብቻ አይቶ ይደነግጣል። ምስጢሩ ያለው ግን በኋለኛው ላይ ነው። የፊተኛው ጠቅላላ ሥራው ነው። የኋለኛው፣ ኢንተራፕት የሚባለው፣ ከኔትወርኩ የሚመጡ መልእክቶች ፕሮሰሰሩን እያቋረጡ የሚወስዱበት ጊዜ ነው። ተራ አስከባሪው ወረቀቱን ሊጽፍ ብድግ ባለ ቁጥር እጅጌውን እንደሚስቡት ሰዎች መሆኑ ነው። ፊተኛው ከፍ ብሎ ኋለኛው ዝቅ ካለ፣ በማሽኑ ውስጥ አንድ ፕሮግራም ብዙ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ዝርዝሩን ወረድ ብሎ ማየት ነው። ኋለኛው ከፍ ካለ ግን ጣጣው ከውጭ ነው፤ በኬብሎቹ የሚመጣ አንድ ጎርፍ አለ። እንደኛው ባለ ማሽን ኋለኛው ቁጥር ከ5 በመቶ ባይበልጥ ደግ ነው፤ ከ10 ካለፈ መመርመር አለበት። የእኛው 68 ነበር። እንግዲህ በዚያች በአንዲት መስመር ማሽኑ «እኔ አይደለሁም፤ እየተጮኸብኝ ነው» ብሎ ነግሮናል።

ሁለተኛው ትእዛዝ የሥራውን ታሪክ የሚያሳየው ነው። ያለፉትን 60 ሴኮንዶች፣ 60 ደቂቃዎችና 72 ሰዓቶች በሦስት ሥዕል ያወጣል፤ የኮከብ ምልክቱ ከፍተኛውን፣ የፓውንድ ምልክቱ አማካዩን ያመለክታል። እኛ ማሽኑን አጥፍተን ታሪኩን ስላስረሳነው ሦስት ቀን መጠበቅ ግድ ሆነ። ከዓርብ እስከ ሰኞ ጠበቅን። ሰኞ ማታ ሥዕሉን ስናየው ግን ድካማችንን ካሰልን። ዓርብ በመጀመሪያ ሥራው ዝቅተኛ ነው፤ ከምሽቱ 9፡30 በኋላ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት የልጆቹ የአማርኛ ትምህርት ሲጀመር ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ እንደገና ይወጣል። እሑድ፣ በጽሕፈት ቤቱ አንድም ሰው በማይደርስበት ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሽቅብ ወጥቶ እንደ ቆመ ነው። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ለሥራ ፈላጊዎች ሲከፈት ይወርዳል።

ይህ ነገር እንግዳ ሆነብን። ሰው ሲኖር ማሽኑ ያርፋል፤ ሰው ሲሄድ ይደክማል። እርጅና ቢሆን ኖሮ ሰዓት አይመርጥም ነበር። የቀን ሠራተኞችና የሌሊት ተረኞች ለአራት ወር የተጨቃጨቅነውም ለዚህ ነው፤ ሁላችንም ያየነውን ነበር የተናገርነው፤ ያየነው ግን የተለያየ ሰዓት ነበር።

ከዚህ በኋላ ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ መረመርን።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዙር ነው። አንድ ኬብል በስሕተት ሁለቱም ጫፉ ከተሰካ መልእክት መውጫ አጥቶ ሲዞርና ሲባዛ ይኖራል፤ ኔትወርኩን በሙሉ ያንቃል። ይህን የሚከላከል ስፓኒንግ ትሪ የተባለ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1985 ራዲያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት ባለሙያ ፈልስፋለች፤ እስከ ዛሬም ስዊቾች ይጠቀሙበታል። ማሽኑ የኔትወርኩ ቅርፅ ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠና የመጨረሻው ለውጥ በየትኛው ፖርት በኩል እንደ መጣ ይመዘግባል። ዙር ካለ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቁጥር ይሮጣል፤ አንድ ኮምፒዩተርም አሁን በዚህ አሁን በዚያ ፖርት ላይ ታየ የሚል ማስታወሻ ይበዛል። በእኛው ላይ ቁጥሩ ቆሟል፤ ማስታወሻውም ንጹሕ ነው። ዙር አይደለም።

ሁለተኛው፣ ለምርመራ ተብሎ ተከፍቶ የተረሳ ትእዛዝ ነው። ባለሙያ ማሽኑ እያንዳንዱን ነገር እንዲናገር አዝዞ ሳያቆመው ከሄደ ፕሮሰሰሩ ሲለፈልፍ ያድራል። ይህም አልነበረም። ሦስተኛው፣ ማሽኑን በየጊዜው «እንዴት ነህ?» እያለ የሚጠይቅ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው። ይህም የለንም። አራተኛው፣ የአድራሻ ማስቀመጫው ሞልቶ ቺፖቹ ማሳለፍ ያቃታቸውን ወደ ፕሮሰሰሩ መላካቸው ነው። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ያጋጥማል፤ በእኛ ቤት ግን ሃያ የማይሞላ ዕቃ ነው ያለው።

የቀረው ፕሮሰሰሩ ራሱ ማየት ያለበት የመልእክት ጎርፍ ነው። ወደ ፕሮሰሰሩ የሚገቡ መልእክቶች በየዓይነታቸው ወረፋ አላቸው። የወረፋዎቹን ቁጥር ጽፈን፣ አንድ ደቂቃ ቆይተን ደግመን ጻፍንና አወዳደርን። ሁሉም ባለበት ሲሆን፣ ለቡድን የሚነገሩ መልእክቶች የሚሰለፉበት አንዱ ወረፋ ብቻ ይሮጣል። መልቲካስት ይሉታል። ቀጥሎ በየፖርቱ የገባውን የመልቲካስት ቁጥር እንዲሁ ሁለት ጊዜ ወስደን አወዳደርን። ከ48ቱ ፖርቶች መካከል የሚሮጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ 17ኛውና 31ኛው። በየሴኮንዱ በሺዎች የሚቆጠር መልእክት ያጎርፋሉ።

ፖርቱን ማወቅ ግን የት ክፍል እንደሚደርስ ማወቅ አይደለም። ኬብሎቹ በግድግዳ ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። ሌሊት ነው፤ ሰዓቱ 11፡00 አልፏል። ከመካከላችን አንዱ በዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ የተማሪ ደብተር አገኘ። ስንገልጠው በጥንቃቄ በተሠመረ ሠንጠረዥ ከ1 እስከ 48 ያለው ፖርት ሁሉ ከየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ግድግዳ፣ ከመስኮቱ ወይም ከበሩ በኩል መሆኑ በአማርኛ ተጽፏል። በየገጹ ታች ቀን አለበት። የመጨረሻው ቀን የጥቅምት 2023 ነው፤ ያን ጊዜ ሁለት ፖርቶች ተጨምረዋል። ያ ወንድማችን እኛ ልብ ሳንለው በየጊዜው እየመጣ ደብተሩን ያስተካክል ኖሯል። «የማያውቀውን ሥራ ሠራ» ያልነው ልጅ የሠራውን ሥራ እኛ በሌለበት ሌሊት እያነበብን ነበር። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

17ኛው፦ «የኮምፒዩተር ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ አዲስ የተሰጠን»። 31ኛው፦ «የኮምፒዩተር ክፍል፣ በሩ አጠገብ፣ አዲስ የተሰጠን»።

ወደ ክፍሉ ሄድን፤ መብራት ሳናበራ ገባን። ስምንቱም ኮምፒዩተሮች ስክሪናቸው ጨልሟል። የስድስቱ የኬብል መብራት አልፎ አልፎ ጭልጭል ይላል። በመስኮቱ ሥርና በበሩ አጠገብ ያሉት የሁለቱ ግን ያለ ማቋረጥ ይርገበገባል። ኮምፒዩተሮቹ ተኝተዋል፤ ኬብላቸው ግን ይጮኻል። የአንዱን ኪቦርድ ነካነው፤ ነቃ፤ መብራቱም ረጋ። ሌላውንም ቀሰቀስነው። ምድር ቤት የቀረው ጓደኛችን ከታች «ወረደ! ወረደ!» ብሎ ሲጮኽ ሰማነው። ምናልባት አጋጣሚ ይሆናል ብለን ደግመን አስተኛናቸው፤ ወጣ። ቀሰቀስናቸው፤ ወረደ። ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ሦስቱም ጊዜ አንድ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማታው የዜግነት ፈተና ትምህርት የሚያበቃው በ9፡00 ሰዓት ነው። ኮምፒዩተሮቹ ሰው ሳይነካቸው 30 ደቂቃ ሲሞላ ይተኛሉ፤ ታሪኩ ላይ 9፡30 ያየነው ለዚህ ነው። በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት፣ አይፒ ቨርሽን 6 በሚሉት፣ ኮምፒዩተር የየትኛው ቡድን መልእክት እንደሚፈልግ ለኔትወርኩ ያስታውቃል። በደኅና ጊዜ ይህ ከስንት ጊዜ አንድ ጊዜ የሚባል ቃል ነው። በሁለቱ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለው ዓይነት የኔትወርክ ካርድ ግን፣ አሮጌ ሶፍትዌር ተጭኖበት ሲተኛ ያንኑ ቃል ሳያቋርጥ ይደጋግማል። ይህ ጠባይ በኔትወርክ ባለሙያዎች ዘንድ ከአሥር ዓመት በላይ የታወቀ ነው፤ ማስተካከያውም ከዚያው ዘመን ጀምሮ አለ። እኛ ዘንድ ግን ማንም ያሰበው አልነበረም። በስዊቻችን ላይ ደግሞ እነዚህን ቃሎች እየሰማ እንዲያስተናግድ የሚያዝዘው አሠራር ክፍት ስለነበረ፣ እያንዳንዱ ቃል ወደ ፕሮሰሰሩ ይሄድ ነበር። ተራ አስከባሪው ሌሊቱን ሙሉ ሁለት እንቅልፋሞች ሲቃዡ መልስ ሲሰጥ ያድር ነበር ማለት ነው።

ስልኩስ? ስልኩም በውስጡ ደካማ ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ኮምፒዩተር ነው፤ ከነዚያው ኮምፒዩተሮች ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ ነበር። ጎርፉ እሱም ዘንድ ይደርስ ነበር። የእኅታችንን ድምፅ የቆረጠው ይህ ነው። የእኛ እጅ አልነበረም፤ የስዊቹም እርጅና አልነበረም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልን። 4,000 ዶላሩን አውጥተን አዲስ ስዊች ገዝተን ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አዲሱ ማሽን ፕሮሰሰሩ ጠንካራ ስለሆነ ላይጨናነቅ ይችል ነበር። ጎርፉ ግን ይቀጥላል፤ ወደ ስልኩም መድረሱን አይተውም። ምልክቱን ደብቀን በሽታውን አቆይተን፣ በሚቀጥለው ሐዘን ደግሞ የሌላ ሰው ድምፅ ይቆረጥ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ሆነ። የሁለቱን ካርዶች ሶፍትዌር በአዲስ ቀየርን። ይህ ሶፍትዌር በእንግሊዝኛ ስሙ ድራይቨር ነው። ስለዚህ ለአራት ወር «ጥፋቱ የሌሊቶቹ ድራይቨሮች ነው» ያላችሁን ወገኖች ቃላችሁ ልክ ነበር፤ የተሳሳታችሁት በየትኞቹ ድራይቨሮች እንደ ሆነ ብቻ ነው። ከዚያም ስልኮቹን ከኮምፒዩተሮቹ ለይተን በራሳቸው ክፍል፣ ቪላን በሚባለው አከፋፈል፣ እንዲሆኑ አደረግን። በየፖርቱም የመልቲካስት ጎርፍ ከልክ ሲያልፍ የሚገድብ ትእዛዝ ጻፍን። በማግሥቱ ሌሊት ፕሮሰሰሩ 8 በመቶ፣ ኢንተራፕቱ ደግሞ 1 በመቶ ላይ ነበር። ዘንድሮም ያው ነው። የእድሩ ስልክ ከመጋቢት 2024 ወዲህ ሌሊት ተቆርጦ አያውቅም።

የወጣው ወጪ ለኮንሶሉ ኬብልና ለማገናኛው የከፈልነው 23 ዶላር ነው። ደረሰኙን ለሒሳብ ሹሟ አስረክበናል።

ይህን ስንል ግን ማሽኑ ዘላለማዊ ነው ማለታችን አይደለም። የዚህን ዘመን ስዊቾች ሠሪው ኩባንያ መሸጥ ካቆመ ቆይቷል፤ የደኅንነት ማስተካከያም አይወጣላቸውም። አንድ ቀን የኃይል መስጫው ወይም ማራገቢያው ይቆማል። ስለዚህ ለመተኪያ የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እንዲቀመጥ እንጠይቃለን። መለወጥ ያለበት ግን ታስቦበትና ታቅዶ ነው እንጂ በድንጋጤና ሰው በመክሰስ መሆን የለበትም። በተጨማሪም ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ማሽኑ ደኅና በሆነበት ቀን ቁጥሩ ስንት እንደ ሆነ በየወሩ ይጻፍ፤ ደኅናውን ያላወቀ ሕመሙን አያውቅምና። ሁለተኛ፣ በስጦታ የሚመጣ ኮምፒዩተር ሁሉ ሶፍትዌሩ ሳይታደስ ከኔትወርኩ አይገናኝ። ሦስተኛ፣ ያ ደብተር ተባዝቶ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ፣ አንዱ በኮሚቴው እጅ ይቀመጥ።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። እኛ ግን በየካቲቱ ጉባዔ ላይ ነገሩን ከጫፉ ያዝነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚል አንድ ቁጥር ሰምተን በአንድ ማሽንና በአንድ ልጅ ላይ ፈረድን። እኛ የሌሊት ተረኞችም ነፃ አይደለንም። «ማሽኑ ሞቷል» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወራነው እኛ ነን፤ ልጁ ሲወቀስም በዚያ አዳራሽ ተቀምጠን ዝም ያልነው እኛ ነን። ጊዜ የጠየቅነው ለማሽኑ ነው፤ ለሰውየው አልጠየቅንም።

ወንድማችን ዛሬ በመካከላችን ይገኛል። ቤቱ ድረስ ሄደን ለምነነው ነው የመጣው። በግል ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ የተወቀሰው ግን በአደባባይ ስለሆነ ይቅርታውም በአደባባይ መሆን አለበት። ስለዚህ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እንጠይቅሃለን። የሠራኸው ሥራ ትክክል ነበር። ያዳነንም ደብተርህ ነው።

እኅታችንም እዚህ አለሽ። ያን ሌሊት ሦስተኛ ጊዜ ትደውያለሽ ብለን እስከ ንጋት ድረስ ስልኩን ይዘን እንደ ተቀመጥን እንድታውቂልን እንፈልጋለን። ቁጥርሽን ማሽኑ አላስቀመጠልንም፤ ስምሽንም ከመስማታችን በፊት ድምፅሽ ጠፍቶ ነበር። አባትሽን ነፍስ ይማር።

በመጨረሻም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ በማኅበራችንም ውስጥ ባለፉት አሥር ዓመታት ሁሉም ሰው እጅጌያቸውን የሚስባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። ጸሐፊያችን አንዷ ናት። ደክመው ስታዩአቸው «አረጁ» አትበሉ። ምን እንደ ተሸከሙ ጠይቁ፤ ከዚያም አንድ አንድ ሎሚ ውሰዱላቸው።

የሌሊቱን ስልክ የሚጠብቅ ሰው ዛሬም ያንሰናል፤ ተራ የሚወስድ ካለ ከበዓሉ በኋላ በሩ አጠገብ ያግኘን።

 ፈጣሪ ማኅበራችንን ይባርክ።